የጓዳው ክብ ግድግዳ

የሥነ ሕንፃ ታሪክ ያስተማረችን መምህር ከወለጋ የመጣች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ነበረች። ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳለን በአሶሳና በዙሪያዋ ካሉት ቤቶች አንዱን መርጠን እንድናነብ አዘዘችን። ማንበብ የምትለው ቤቱን ለክቶና ስሎ፣ ማን ለምን እንደሠራው ከራሱ ከቤቱና ከሰዎች አፍ አጣርቶ ማወቅን ነው። ጓደኞቼ የድሮውን የሼኽ መኖሪያ፣ መስጊዱንና ቤተ ክርስቲያኑን ወዲያው ተሻሙባቸው። እኔም ከአንዱ ቡድን ልገባ ስል ታላቅ ወንድሜ ደወለ። ህዳሴ ግድቡ ላይ በብየዳ ነው የሚሠራው።

«ክረምቱ ሲወጣ ቤቱን እናፈርሰዋለን» አለኝ። «ብሎኬት አዝዣለሁ። እማ ከእንግዲህ የምስጥ አፈር ስትጠርግ አትኖርም።»

ደስ አለኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን የተወለድኩበትን ቤት ደህና አድርጌ አይቼው እንደማላውቅ ተሰማኝ። መምህሯ ጋ ሄጄ የራሴን ቤት ማንበብ እችል እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ትችያለሽ» አለችኝ። «ግን ከሌላው ይከብድሻል። የምታውቂው ስለሚመስልሽ አታዪውም። ያየሽውን አንድ ገጽ ላይ ጻፊ፣ የገመትሽውን ሌላ ገጽ ላይ። እንዳይደባለቅብሽ።»

ቤታችን ከአሶሳ ወጣ ብሎ፣ በደርግ ጊዜ ከወሎ የመጡ ሰዎች ከሰፈሩባቸው አምባዎች በአንዱ ነው። አባቴና እናቴ እዚህ ሲመጡ አዲስ ተጋቢዎች ነበሩ። ቅዳሜ ጠዋት ሜትርና ወረቀት ይዤ ስገባ እናቴ ማሽላ እያበጠረች ነበር። የምሠራውን ስነግራት ሳቀች። ቢሆንም ሰፌዱን አስቀምጣ የሜትሩን ጫፍ ያዘችልኝ።

የፊቱ ክፍል ያለ ችግር ተለካ። ጓዳው ግን እንቢ አለኝ። ልጅ ሆኜ የተኛሁበት ክፍል ነው። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ሳሰፍራቸው ማዕዘኑ አልገጥም አለ። ደግመን ለካን። ከዚያ ነው ብድግ ብዬ ያየሁት፤ የኋላው ግድግዳ ቀጥ ያለ አይደለም። እንደ ቀስት ወደ ውጭ ጎብጧል። ለዓመታት ጀርባዬን አስደግፌው ስተኛ፣ አልጋዬ ከግድግዳው የማይገጥመው አልጋው ጠማማ ስለሆነ ይመስለኝ ነበር።

ምስጥ በልቶት ምርጉ የረገፈበት ቦታ ነበርና ውስጡን አየሁት። የቀረው ቤት በባሕር ዛፍ ቋሚና በምስማር በተመታ ማገር የተሠራ ነው። ይሄኛው ግን ምስማር የለበትም። የተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ቅርጫት ተጠላልፎ የተሠራ ነው። ያየሁትን በአንድ ገጽ ጻፍኩ። በሌላው ገጽ «ሌላ ሰው የሠራው? ከቤቱ የቀደመ?» አልኩ።

እናቴን ጠየቅኳት።

«እንጨት ለመቆጠብ ነው» አለችኝና ወደ ማሽላዋ ተመለሰች።

አባቴ ከእርሻ ሲመለስ እሱንም ጠየቅኩት። እጁን እየታጠበ ፈገግ አለ። «ቁጠባ አለችሽ? እኔ ላፈርሰው መጥረቢያ ይዤ ገብቼ ነበር። ግድግዳው ሥር ቁጭ ብላ አልነሳም ያለችው እሷ ናት።»

እናቴ ከደጅ ትሰማን ነበር። ከዚያ ያለማንም ጉትጎታ ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ስንመጣ ዝናብ ነበር» አለች። «መጠለያው ያፈሳል። ወንድምሽን አርግዤ ነበር። ምጡ ሲመጣብኝ አባትሽ የለም፣ እንጨት ሊቆርጥ ሄዷል። እዚህ፣ እዚህች ቦታ ላይ፣ የአንዲት የበርታ አሮጊት፣ የአገሩ ተወላጅ፣ ክብ ጎጆ ነበረች። አምባው ሲሠራ እሳቸው አልለቅም ብለው የቀሩ ናቸው። ስጮህ ሰምተው መጡና እጄን ይዘው አስገቡኝ። የሚሉትን አልሰማ፣ የምለውን አይሰሙ። ቢስሚላህ ብቻ ነበር የሚገባን። እሳቸው ቢስሚላህ ሲሉ እኔም ቢስሚላህ እላለሁ። ወንድምሽን እዚያ ግድግዳ ሥር ወለድሁት።»

አሮጊቷ ለዚያ ቀን ብቻ ያስጠጓት መስሎኝ ነበር፤ እናቴ ግን ከዚያ የበለጠ ነገረችኝ። ሴትዮዋ እስኪሞቱ ድረስ ከእናቴና ከአባቴ ጋር በዚያው ጎጆ አብረው ኖረዋል። ሐቦባ ትላቸው ነበር፣ አያቴ እንደማለት። ሲሞቱ ልጃቸው ጎጆዋን ለእናቴ ተወላት። ኋላ አባቴ ባለ ቆርቆሮ ቤት ሲሠራ፣ ከጎጆዋ የተረፈው ያ ግድግዳ ነው።

«ለምን ነግረሽን አታውቂም?» አልኳት።

«ማን ጠየቀኝ?»

ልጃቸውን አውቀዋለሁ። ከአምባው በታች ባለው መንደር የሚኖር፣ በየኢዱ ማንጎ ይዞልን የሚመጣ ሽማግሌ ነው። እኛ ልጆቹ ኻል እንለዋለን። ኻል በአረብኛ የእናት ወንድም ነው፤ ለምን እንደዚያ እንደምንለው ግን አስቤው አላውቅም ነበር። መምህሯ አንድ ሰው የነገራችሁን ሌላ ሰው ጋ ሄዳችሁ አጣሩ ትለን ስለነበር በማግስቱ ቤቱ ሄድኩ። ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጠኝ። አማርኛን የተማረው ካደገ በኋላ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም በአንድ ነው የሚናገረው።

«ግድግዳውን የሠራው የእናቴ ወንድሞች ናቸው» አለኝ። ቀጥሎ እናቴ ያልነገረችኝን ነገረኝ። «እናቴ በጣም ተቆጥቶ ነበር። ማሽላ የሚዘራበት መሬት ለአምባ ሄደ። እነዚህ ሰዎች ለምን መጣ ይላል። ከእነሱ ጋር አይናገርም፣ ውሃም አይሰጥም።»

«ታዲያ እናቴን ለምን አስገቧት?»

«ወላሂ፣ እኔም ጠይቄዋለሁ። ቁጣው አለ፣ አልሄደም። ግን ሴት ሲያምጥ በሩ ላይ ቆሞ እንዴት ያያል?»

እየተከዝኩ ተመለስኩ። የእናቴ ወሬ ላይ ሐቦባ ደግ ናቸው፤ የልጃቸው ወሬ ላይ የተቆጡ ናቸው። የቱን እንደምጽፍ ጨነቀኝ። ከሁሉ በላይ እናቴ እንዳታዝን ፈራሁ። መምህሯን ሳማክራት፣ «ሁለቱንም ጻፊያቸው፣ ማን እንዳለው እየጠቀስሽ» አለችኝ። «ግን መጀመሪያ ለእናትሽ አንብቢላት። ቤቱ የእሷ ነው።»

አነበብኩላት። የቁጣው ቦታ ላይ ስደርስ ድምፄ ቀነሰ። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች።

«እንደተቆጡ አውቅ ነበር» አለችኝ። «ቋንቋቸውን ባላውቅ ፊታቸውን አላውቅም? እጄን ሲይዙኝ እንኳ ፊታቸው አልተፈታም ነበር። ልጁ ወጥቶ አጥበው ሲሰጡኝ ነው የተፈታው። እሱን ጻፊው።»

ጻፍኩት። ጽሑፉን ካስረከብኩ በኋላ መምህሯ ከነጥቡ አጠገብ በእርሳስ «እናትሽን ሰላም በይልኝ» ብላ መለሰችልኝ።

ክረምቱ ወጥቶ ወንድሜ ከግንበኞቹ ጋር መጣ። የፊቱ ክፍል በግማሽ ቀን ወረደ። ክቡን ግድግዳ ግን አባቴ ግንበኞቹ እንዳይነኩት ከለከለ። ኻል ማለዳ ደርሶ ስለነበር ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ምርጉን እያራገፉ ቀርከሃውን አንድ በአንድ ፈቱት። ሥሩን ምስጥ ጨርሶታል፤ ከወገቡ በላይ ግን ጤነኛ ነው። ኻል ለፍየሎቹ በረት ይሆነኛል ብሎ ደህና ደህናውን ለየ። ወንድሜ የተወለደባት ቦታ የቷ እንደሆነች እናቴ አሳየችው። ረጅም ሰው ነው፤ ጎንበስ ብሎ መሬቱን በመዳፉ ነካው።

መሀል ላይ እኔም በልኬት ያላገኘሁት ነገር ወጣ። አንድ ቦታ ሽመናው ተቋርጦ በአገዳና በጭቃ ተደፍኗል። የጎጆዋ በር ነበር።

«ይሄን የደፈንከው አንተ ነህ» አለው አባቴ።

«እኔ? ጭቃውን አንተ ይዘህ መጣህ፣ አንተ ደፈነ።»

«ጭቃውን አመጣሁ። የለጠፍከው አንተ ነህ። ንፋስ ይገባል ብለህ።»

«ንፋስ ያለው አንተ ነው።»

እናቴ ምሳ ይዛ ከግቢያችን ማንጎ ዛፍ ሥር ጠራቻቸው። እየበሉም አላቆሙም። እኔ ከብሎኬቱ ክምር ላይ ተቀምጬ የሁለቱንም ጻፍኩ።