ጤነኛው ታብሌት

ወደ ታብሌት መሸጫው የገቡት ሽማግሌ ኮታቸው እስከ አንገት ተቆልፏል፤ ጫማቸው ከመወልወል ብዛት ሰው ጎንበስ ብሎ ፀጉሩን ሊያበጥርበት ይችላል። ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት የጨረሱ ናቸውና አሮጌ ታብሌታቸውን ከሽፋኑ ማውጣት ራሱ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ሦስት ድርብ ጨርቅ፣ ሁሉም ባለቁልፍ። ሽንኩርት እንኳ ይህን ያህል አልለበሰም!

«ይኼ ነገር ሞቷል መሰለኝ፤ አዲስ ልግዛ ወይ ብዬ ነው» አሏት ሻጯን። «ሩቅ አገር ያለው ልጄ የሚደውልልኝ በዚህ ነበር። ከተበላሸ ስምንት ወሩ።»

ሻጯ ነካካችው፣ አገላበጠችው።

«አባባ፣ ምንም አልሆነም እኮ! በከንቱ አይግዙ። ይኼ እኔንም ይቀብረኛል።»

የምሥራች ነበር። እሳቸው ግን መርዶ እንደሰማ ሰው ወንበር ፈለጉ።

«ጥሪው ይሆናላ የተበላሸው?»

ሻጯ ልታሳምናቸው፣ ሳትነግራቸው በራሷ ስልክ በቪዲዮ ደወለችላቸው። ታብሌቱ ጮኾ ሱቁን አናጋው። ሽማግሌው ብድግ ብለው ኮሌታቸውን አቃኑ፣ ፀጉራቸውን በመዳፋቸው አስተኙ፣ ፈገግ ብለውም ነኩት። በመስታወቱ ላይ ብቅ ያለችው እዚያው ፊታቸው የቆመችው ሻጭ ነበረች።

«አዩ? ይጠራል!»

ፈገግታቸውን እንደ ጨርቁ ቀስ ብለው አጣጠፉት። ታብሌቱንም ሦስቴ ሸፍነው ሦስቴ ቆለፉት።

«ይኼ የቅርቡን ብቻ ነው የሚሰማው» አሉ። «እስቲ የሩቁን የሚሰማ አሳዪኝ።»