በአገልግል የተሸኘችው እባብ

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ የአንዲት እባብ ፎቶ በስልኳ አሳየችን። የጓደኛዋ ቤተሰቦች ሰንዳፋ ግቢያቸው ውስጥ አግኝተዋት ይግደሏት አይግደሏት ጨንቋቸዋል። ባለቤቴ ይርጋ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ፎቶ አይለይም። ፊቱን ወደ እኔ መልሶ "መስመሯ እንዴት ነው?" አለኝ።

ልቤ ጎጃም በረንዳ፣ ወደ እናቴ የጌሾ መደብር ሄዷል።

ገና ልጃገረድ ሳለሁ ነው፤ ሰሞነ ሕማማት ነበር። ለፋሲካ ጠላ የሚጠምቅ ሁሉ ጌሾ ፍለጋ ይጋፋል፤ እናቴም ያላትን ጥሪት ጌሾ ላይ አውላዋለች። ከጆንያው አፍ ቀጭን እባብ ብቅ ስትል ጩኸቴን ዋጥኩት። ወሬው ከወጣ ያንን ጌሾ ማን ይነካዋል?

እናቴ ዘነዘና አነሳች። ጌሾውን ከጎጃም ጭኖ የመጣው ይርጋ፣ ያኔ አቀርቅሮ ሰላም የሚል ወጣት፣ ከፊቷ ቆመ።

"እትዬ፣ ይተዋት። መስመሯ ከአንገቷ እስከ ጭራዋ በቁመቷ ነው የወረደው። እርጥብ ሜዳ ላይ አይጥ እያደነች የምትኖር የሣር እባብ ናት፤ ሰው አትተናኮልም።"

"እንግዲያው በእጅህ ያዛታ!"

"እሱንስ አልደፍርም።"

በመጥረጊያ እንጨት እየገፋ አገልግላችን ውስጥ አስገባት። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሊለቃት ነው። ወንድ አገልግል ይዞ ቢወጣ ግን መንደሩ ሁሉ ይጠይቃል። እናቴ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየችና አገልግሉን ለእኔ ሰጠችኝ።

ከይርጋ ጋር አውቶቡስ ተሳፍረን አገልግሉን ጭኔ ላይ አቀፍኩት። አጠገቤ የተቀመጡ እናት "የኔ ልጅ፣ ምን ይዘሽ ነው?" አሉኝ።

"ዶሮ ወጥ" አልኩ፣ ደንግጬ።

በሕማማት! ሴትዮዋ አማተቡና ሌላ ወንበር ፈለጉ። ይርጋ በጋቢው አፉን ሸፍኖ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ስንወርድ፣ የእባቦችን መልክ እናቱ እንዳስተማረችው፣ እሱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ እባብ እንደሚፈራ ነገረኝ። የወደድኩት ያኔ ነው። ክዳኑን አብረን ከፈትነው፤ እሷም ሣሩ ውስጥ ገብታ ጠፋች። ጌሾውም እስከ ቅዳሜ ተሽጦ አለቀ።

የስልኩን ፎቶ ደግሜ አየሁና "በቁመቷ ነው" አልኩት ይርጋን።

"አይግደሏት፤ በእጃቸውም አይንኳት" አላት ለልጅ ልጃችን።

ያን ቀን አገልግሉን ያቀፍኩት የእሱን ዓይን አምኜ ነው። አሁን እሱ በእኔ ዓይን ያያል፤ እኔም እንዳልሳሳትበት ሁሉን ነገር ቀስ ብዬ አያለሁ።

እጄን ፈልጎ ያዘና "አገልግል አውሺያቸው" አለ። "የጠየቃቸው ካለም፣ ዶሮ ወጥ ነው ይበሉ።"