የኬንያ ተራራ አማካሪ

ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ ልባሽ ጨርቅ እሸጣለሁ። በዚህ ንዳድ ወፍራም ጃኬት የሚጠይቅ ሰው ስለሌለ፣ ያለችኝን አንዲት ጃኬት ለጌጥ ያህል ሰቅያታለሁ።

ባለፈው ሰሞን፣ እዚሁ ሄሉ ሰፈር ዘመድ ሊጠይቁ የመጡ አንዲት ቀጠን ያሉ የቦረና እናት ጃኬቷን አውርደው ስፌቷን ይመረምሩ ጀመር።

«አዴ፣ ለልጅዎ ነው?» አልኳቸው።

«ለራሴ ነው። ማክሰኞ ወደ ኬንያ ተራራ እወጣለሁ።»

ደነገጥኩ። ተራራውን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ወደ ናይሮቢ ስሄድ ከአውቶቡስ መስኮት አይቼዋለሁ። እርግጥ ደመና ሸፍኖት ስለነበር ያየሁት ደመናውን ነው። ቢሆንም ይህን የሚያህል ልምድ ይዞ ዝም ማለት ነውር ነው።

በርጩማ ሰጥቼ አስቀመጥኳቸውና ማስተማር ጀመርኩ። እዚያ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሲወጡ እንዳይሮጡ መከርኳቸው። ጫፉ ላይ ስደርስ እኔንም ራሴን አዙሮኝ እንደነበር ነገርኳቸው፤ መቼ እንደደረስኩ ግን እኔም አላውቅም።

ሴትዮዋ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ አንዴም ሳያቋርጡ ሰሙኝ። እንዲህ ያለ ትሑት ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም። በመጨረሻ አዘንኩላቸውና፣ «አዴ፣ ይቅርብዎ፤ ይሄ የወንድ ሥራ ነው» አልኳቸው።

ጃኬቷን ለብሰው ክንዳቸውን ዘርጋ አጠፍ እያደረጉ ሞከሯት።

«ቦስ፣ እኔ እዚያ ተራራ ላይ የቱሪስት ጓዝ ተሸካሚ ነኝ» አሉኝ። «የድሮ ጃኬቴ የተቀደደው አንድ ወንድ አዝዬ ሳወርድ ነው። እሱም እንዳንተ፣ ሲወጣ ወሬው አያልቅም ነበር።»