ቁስሉ ላይ ያፈሰስኩት አረቄ

ቡታጅራ ባለው የትራፊክ ፖሊስ ቢሮ ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። መርማሪው ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። ሾፌሩ መስኮቱን ተደግፎ ቆሟል። የሟቹ ሚስት በሩ አጠገብ ቆማለች። ለእኔ ወንበር ሰጥተውኝ ነበር፤ አልተቀመጥኩም፣ ጠረጴዛው ፊት ቆምኩ።

ሟቹ የእንሴኖ ገበሬ ነበር። በቀትር በርበሬውን ሸጦ ሲመለስ የጭነት መኪና ገጨው። እኔ ከኋላው እየሄድኩ ነበር። ራሱ ተፈንክቷል። በዘንቢሌ ውስጥ ለጉልበቴ መታሻ የገዛሁት ግማሽ ጠርሙስ አረቄ ነበር። ቁስል በአረቄ ይታጠባል ሲባል ነው ያደግሁት፤ ሁሉንም አፈሰስኩበት፣ በነጠላዬም አሰርኩት። ሐኪም ቤት ሳይደርስ ሞተ።

በሐኪሙ ወረቀት ላይ «የአልኮል ሽታ አለው» ተብሎ ተጻፈ። ለምርመራ ደም አልተወሰደም። ሾፌሩም ሟቹ ሰክሮ መኪናዬ ፊት ገባብኝ አለ። ይህን ስሰማ ቃሌን ልሰጥ ሄድኩ። መጀመሪያ መርማሪው ወልቂጤ ነው አሉኝ፤ ቀጥሎ መዝገቡ ወልቂጤ ነው አሉኝ። ይህ ሦስተኛ ምልልሴ ነበር።

«እማማ፣ ሟቹ አረቄ ይሸት ነበር?» አለኝ መርማሪው።

«ይሸት ነበር። ለጉልበቴ የገዛሁትን ያፈሰስኩበት እኔ ነኝ።»

«እሱን በኋላ ያስረዱኛል።» ጻፈ።

ሾፌሩ ሳቀ። «እማማ፣ ለጉልበት ነው ያሉት? የእኛ ሰፈር ሽማግሌዎችም ሁሉ ጉልበታቸውን ነው የሚያማቸው።»

የሟቹ ሚስት ከበሩ ጮኸች። «ወላሂ፣ ጠጅ ያለበት ቤት ደጃፍ አልቆመም! አስከሬኑን ያጠቡት ሰዎች አረቄው ሲሸታቸው ዞረው አዩኝ። ልጆቹን የሰካራም ልጅ ሊሏቸው ነው?»

«የዚህ ልጅ ትንፋሽስ?» አልኩ ወደ ሾፌሩ እያመለከትኩ። «ከመኪናው ሲወርድ አጠገቡ ነበርኩ። ቢራ ይሸት ነበር።»

«የትንፋሽ መመርመሪያ መሣሪያው ምንም አላገኘበትም» አለ መርማሪው።

«መቼ ተመረመረ?»

«በማግስቱ። የእኛ መሣሪያ ተበላሽቶ ነበር።»

«ታዲያ እኔ ያሸተትኩትን አትጽፍም?»

«እማማ፣ ሽታ ማስረጃ አይሆንም።»

«በሟቹ ላይ እንዴት ሆነ?»

«እሱ የሐኪም ወረቀት ነው።» ትህትናው አልጎደለበትም፤ ይልቁንም ያው ትህትናው ነበር የሚያናድደኝ። ቃሌን አነበበልኝ፦ ምስክሯ ሟቹ አረቄ ይሸት እንደነበር አረጋግጠዋል። እዚያ ላይ አበቃ።

«ያፈሰስኩት እኔ ነኝ ያልኩትስ?»

«ፍሬ ነገሩን ነው የምንይዘው። እዚህ ይፈርሙ።»

የሟቹ ሚስት እጄን ታያለች። ብዕሩን ተቀበልኩ። ከጽሑፉ ግርጌ ባለው ባዶ ቦታ ላይ በራሴ እጅ ጻፍኩ፦ «አረቄውን ቁስሉ ላይ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት ሽታ አልነበረውም።» ከሥሩ ፈረምኩ።

መርማሪው ወረቀቱን አየው። «አበላሹት እኮ፣ እማማ።» ከመሳቢያው ሌላ ንጹሕ ወረቀት አወጣ። «ትንሽ ይቆዩ፣ እንደገና ልጻፈውና ይፈርሙልኛል።»

ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ በሟቹ ሚስት አጠገብ አልፌ ወጣሁ።