ግዝቱና ሠላሳ ሁለተኛው ገጽ

አስካለ ማርያም ሞላሌ የቀረችው ወድዳ አይደለም። ይህን ከመነሻው ልናገር፤ ዛሬ ሰዉ "ደብሩን እንዴት ትወድ ነበር መሰላችሁ!" እያለ ሲያወራ እየሰማሁ አንጀቴ ስለሚያርር ነው። ደብሩንስ ትወዳለች። ግን ባሏ ታዲዮስ ዓለም ከተማ ጤና ጣቢያ ነርስ፣ አንዲት ልጇ ፀጋም እዚያው ከአባቷ ጋር፤ እሷ ብቻዋን የመንዝ ብርድ ላይ ከኮምፒውተር ጋር ተፋጣ ስትውል፣ ማን ይሙት፣ ይሄ ፍቅር ይባላል?

ልጅቱንም አርቃ የላከቻት ጨክና አልነበረም። የፀጋ ደረት ብርዱን አልችል አለ። ክረምት በገባ ቁጥር ትንፋሿ እያፏጨ ሲያስጨንቃቸው፣ ሐኪሙ ሞቅ ወዳለ አገር ውሰዷት አለ። ታዲዮስ ዝውውር ጠየቀ፤ መርሐ ቤቴ፣ ዓለም ከተማ ተመደበና ልጁን ይዞ ሄደ። ሁለቱ ከተሞች አንድ ዞን ውስጥ ናቸው ይባል እንጂ መካከላቸው ገደል ነው፤ በመኪና የሚሄድ ሰው ደብረ ብርሃን ወርዶ፣ ዙሪያ ጥምጥም ዞሮ፣ መንገድ ላይ አድሮ ነው የሚደርሰው። አስካለ አውቶቡሱ በር ላይ ልጇን ስማ "ሳምንት እመጣለሁ" አለቻት። ያ ሳምንት ዓመት አልፎት ሌላ ዓመት ይዞ ነበር።

ያሰራት ግዝት ነው። የሚካኤል ደብር አለቃ መልአከ ምሕረት በዕውቀቱ የሥራ አለቃዋም ነፍስ አባቷም ናቸው። በሚሌኒየሙ ማግስት አዲስ አበባ ያሉ የአገሩ ተወላጆች ለደብሩ ኮምፒውተርና ማተሚያ ሲለግሱ፣ የደብሩ ጸሐፊ ናትና ለሥልጠና የተላከችው እሷ ነበረች። ከዚያ ወዲህ የሰንበት ትምህርት ቤቱ መዝሙር፣ የሰበካ ጉባኤው ሪፖርት፣ የሰዉ የሰርግ ጥሪ ሳይቀር በእሷ እጅ የሚያልፍ ሆነ። ዓለም ከተማ ቤተ ክህነት የጸሐፊ ቦታ ተገኝቶላታል። የቀራት የአለቃው መሸኛ ነው።

አለቃው ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑማ ተጣልታ መውጣት በቀለላት! እንባቸው ቅርብ ነው፤ ሲለምኑ አንጀት ይበላሉ። "ልጄ፣ የበዓላቱን ማውጫ ብቻ ጨርሽልኝ" አሉ። ጨረሰች። "የመዝሙሩን ጥራዝ ብቻ።" እሱንም ጨረሰች። በሦስተኛው ግን መስቀላቸውን አነሡ። "የደብራችን ታሪክና የመልአኩ ምስጋና በመጽሐፍ ሳይወጣ እንዳልሞት። እሱ ሳይወጣ ሞላሌን ለቀሽ እንዳትሄጂ በሚካኤል ገዝቼሻለሁ!" ነፍስ አባት የገዘተውን ማን ደፍሮ ያፈርሳል? በዚያ አገር በድንበር ተጣልቶ ዱላ ያነሣ ጎረምሳ እንኳ ቄስ ከገዘተው እጁን ይሰበስባል። አስካለ መስቀሉን ተሳልማ ወጣችና ከደጀ ሰላሙ ጀርባ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

መጽሐፏ ትንሽ ናት። ወረቀቱ ከመሃል ይታጠፋል፣ ይደራረባል፣ ወገቡ ላይ በሽቦ ይሰፋል፤ በቃ። ግን ትንሽነቷን አይታችሁ እንዳትንቋት፤ አስካለን የቁም ስቅሏን አሳይታታለች። ገጾቹ ወረቀቱ ላይ በተራቸው አይቀመጡም፤ የመጀመሪያው ከመጨረሻው ጋር፣ ሁለተኛው ከመጨረሻው በፊት ካለው ጋር ይጣመራል። ይህን ማጣመር የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ራሱ ያውቅበታል። የማያውቀው የደብሩ ማተሚያ ወረቀቱን በየት በኩል እንደሚገለብጥ ነው። ፊቱ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ጀርባው በአናቱ ተተከለ። መገልበጫውን ከረጅሙ ጠርዝ ወደ አጭሩ እስክትቀይረው ድረስ የተበላሸው ወረቀት ለጎረቤቱ ሁሉ የእሳት ማቀጣጠያ ሆነ።

ይህ ለእርማት ነው፤ ዋናው ኅትመት አዲስ አበባ ነው። ሥራውን ፒዲኤፍ አደረገችና በፍላሽ ጭና ለአውቶቡሱ ሾፌር ሰጠችው። የማተሚያ ቤቱ ሰው ደወለ። "እህት፣ የላክሽልኝ ምንድን ነው? እኔ የማየው ሳጥን በሳጥን ነው!" ለካ የአማርኛው ፊደል እሷ ኮምፒውተር ላይ እንጂ ሰውየው ዘንድ የለም። ፒዲኤፉ ሲወጣ ፊደሉንም አብሮ እንዲይዝ ማዘዝ ነበረባት። አዘዘች፤ ፍላሹ እንደገና ደብረ ብርሃንን አቋርጦ ሄደ። "አሁንስ አለቀ" አለች። የዋህ!

ጉዱ የፈላው ናሙናው ታትሞ ሲመጣ ነው። አለቃው የሰበካ ጉባኤውን ምክትል ሊቀ መንበር ጋሽ መኳንንትን ጠርተው፣ መነጽራቸውን ሰክተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ማንበብ ጀመሩ። "በስመ..." አሉና ቆሙ። ገጹን ገለጡ። ሌላም ገለጡ። የአምላክ ስም የለም። የእመቤታችን የለም። የሚካኤል የለም። ሌላው ቃል አንድ ሳይጎድል ተቀምጦ፣ የተቀደሰው ስም ባለበት ሁሉ ነጭ ክፍተት ብቻ!

"ምንድን ነው ይሄ?" አሉ፣ ጥራዙን ወደ አስካለ ዘርግተው።

ጋሽ መኳንንት ነገር አይፈሩም። አስካለን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። "ልሂድ ልሂድ ስትል የከረመች አይደለች? በገዘቷት ጊዜ ቂም ይዛ ስሙን አጠፋችዋ!"

"ጋሼ!" ፊቷ ደም መሰለ። "እኔ የፈጣሪን ስም ላጥፋ? ይሄ መጽሐፍ ካልወጣ እኔ መቼ ነው የምወጣው? እንዲያልቅ ከእኔ በላይ የቸኮለ ሰው አለ?"

የተባለው ግን ተባለ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ሰላም ሲሏት እጃቸውን ቶሎ ሰበሰቡ። አንዲቱማ ይባስ ብላ፣ እየሰማቻት፣ "ከልጇ የተለየች ሴት ልቧ ደኅና አይሆንም" አለች። አስካለ ያን ቀን ለፀጋ ደወለች። ልጅቱ ስለ ድመቷ አወራች፣ ስለ አዲስ ጫማዋ አወራች። "እማዬ መቼ ነው የምትመጪ?" ማለቱን ትታዋለች። ስልኩ ሲዘጋ አስካለን ያ ነው የገደላት።

ነገሩን ስታሰላስለው፣ ጥፋቱ ያው የእሷው ሆኖ ተገኘ። በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ የአምላክና የቅዱሳን ስም በቀይ ይጻፋል፤ መጽሐፉን ያጻፈውና የተጻፈለት ሰው ስምም እንዲሁ። አስካለ ይህን እያየች ያደገች ናትና ማንም ሳይነግራት ስሞቹን ሁሉ ቀይ አድርጋቸዋለች። ሌላ ቦታ ያደገ ጸሐፊ ሁሉንም ጥቁር አድርጎ ይገላገል ነበር። ማተሚያ ቤቱ ደግሞ የታዘዘው በአንድ ቀለም ነው፤ ጥቁሩን ይዞ ቀዩን ጣለው።

"እንግዲያስ ሁሉንም ጥቁር ላድርገው፣ አባቴ?" አለቻቸው።

"እኔ በሕይወት እያለሁ?" አሉ አለቃው። "የጌታ ስም ከእኔ ከኃጢአተኛው ቃል ጋር በአንድ ቀለም? አይሆንም፣ ልጄ!"

ስለዚህ ወረቀቱ ሁለት ጊዜ ማለፍ አለበት፤ አንዴ ለጥቁሩ፣ አንዴ ለቀዩ። አስካለ ፕሮግራሙን ቀለሙን ለይቶ እንዲያትም አዘዘችው። መብራቱ ጠፍቶ ሲመጣ፣ መጥቶ ሲጠፋ ዋለና በመጨረሻ ከደብሩ ማተሚያ ሁለተኛው ወረቀት ወጣ። ባዶ ነጭ ላይ ስሞቹ ብቻ እዚህም እዚያም ተበትነዋል። ሲያፈጡባት የቆዩት ጋሽ መኳንንት ወረቀቱን ከእጇ ተቀብለው ተሳለሙትና ወጡ። ይቅርታ ማለታቸው ይመስለኛል፤ ከእሳቸው ከዚያ በላይ አይገኝም።

ሁለት ፒዲኤፍ ላከች። ሁለተኛው ናሙና ሲመጣ ደግሞ ስሞቹ ከክፍተታቸው ወርደው ጎረቤት ቃል ላይ ተደርበዋል። እዬዬ! ለካ ቀዩን ስታወጣ "ከወረቀቱ ጋር አስማማ" የሚለው ምልክት ሳይነሣ ቀርቶ ገጹን ትንሽ አጥብቦታል። ምልክቱን አነሣች፤ ስሞቹ እንደ ቁልፍ በየቀዳዳቸው ገቡ።

እንግዲህ ደስ ሊላት ሲገባ ያን ጊዜ ነው ወጥመዱ ወለል ብሎ የታያት። አለቃው ፈገግ እያሉ መጡ። "ጎረቤቶቻችን የዘመሮና የቀየት ደብሮች ሰሙ፤ የእነሱንም እንድታወጪላቸው ለአለቆቻቸው ቃል ገብቻለሁ።"

"ግዝቱስ፣ አባቴ?"

"ይታደሳላ፣ ልጄ!" አሉ፣ እንደ ምርቃት።

ብታበላሸው ስሙን ያጠፋች ተብላ ትቀራለች፤ ብታሳምረው እጇ ተወዶ ትቀራለች። በየት በኩል ይወጣል? በዚህ መሃል የማተሚያ ቤቱ ሰው ደወለ። "እህት፣ ጽሑፍሽ ሠላሳ አንደኛው ገጽ ላይ አልቋል። ታጣፊ መጽሐፍ በአራት በአራት ስለሆነ የመጨረሻው ገጽ ባዶ ነው። እንዲሁ ልለፈው ወይስ የምትጨምሪበት አለ?"

ልትተወው ነበር። ግን የደብሩ የብራና መጻሕፍት ትዝ አሏት፤ የቀድሞ ጸሐፊዎች ጣታቸው እስኪጎብጥ ጽፈው ሲጨርሱ፣ መጨረሻው ላይ ስማቸውን አስፍረው ጸሎት ይለምናሉ። ይህን ማንም አይከለክላቸውም፤ የጸሐፊ ወግ ነው። "አለ" አለችው። አማትባ ጻፈች፤ ጥቁሩንም ቀዩንም ፒዲኤፍ እንደገና አወጣች፤ ላከች። አለቃው ሠላሳ አንዱን ገጽ አርመው ፈርመዋል። ከዚያ ወዲያ ያለውን የጠየቃትም የነገረችውም የለም።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ታቦቱ ሕዝቡ መሃል ቆሞ፣ አለቃው በጥላ ሥር አዲሲቱን መጽሐፍ ከፍ አድርገው አሳዩ። እልልታው ቀለጠ። ጥቁሩ ጥቁር፣ ቀዩ ቀይ፤ ጠብ የሚል የለም። ከምስጋናው አነበቡ፣ ከታሪኩ አነበቡ። ወደ ማብቂያው ሲደርሱ ድምፃቸው ሞቀ፤ ሕዝቡም በየዓረፍተ ነገሩ አሜን እያለ ተከተላቸው። ገጹን ገለጡና ባዶ መስሏቸው የነበረውን፣ ሳይቆሙ፣ ቀጠሉት።

"ይህን መጽሐፍ ያጻፈውን፣ ያነበበውን፣ የሰማውን እግዚአብሔር ይማር!"

"አሜን!"

"በእጇ የጻፈችውን አገልጋይህን አስካለ ማርያምን..." እዚህ ላይ ዘግየት አሉ። ዓይናቸው ወደ ፊት ሄዶ የሚመጣውን አየ። ግን በታቦት ፊት የተጀመረ ጸሎት ከመሃል አይቋረጥም። "...ከታሰረችበት ግዝት ፈትተህ፣ ወደ ልጇ ወደ ፀጋ አድርሳት።"

"አሜን!" አለ ሕዝቡ። ጋሽ መኳንንትም ከሁሉ ጮክ ብለው ካሉ በኋላ ነው ያሉትን የሰሙት። እጃቸውን የሰበሰቡባት ሴቶች እልልታውን አቀለጡት።

አለቃው መጽሐፉን አጥፈው አስካለን ፈለጓት። እሷ መሬት መሬት ታያለች። "አንቺ ልጅ" አሉ፣ "አሰርሽኝ እኮ! ይህ ሁሉ ሰው በሚካኤል ፊት ያለውን አሜን እኔ ላፍርሰው?" እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። መስቀሉን ግንባሯ ላይ አኖሩ። "እግዚአብሔር ይፍታሽ።" ቀጥለው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ዘመሮዎቹንስ ምን ልበላቸው?" አሉ።

ዓለም ከተማ ስትደርስ ታዲዮስ በር ላይ ጠበቃት። ፀጋ ከአባቷ ኋላ ሆና፣ ሱሪውን ይዛ አየቻት እንጂ አልመጣችም። አስካለ አላስገደደቻትም። ደፉ ላይ ተቀምጣ መጽሐፏን ከቦርሳዋ አወጣችና የመጨረሻውን ገጽ ገልጣ ጭኗ ላይ አኖረችው። ልጅቱ ፊደል ጀምራለች፤ ቀዩ ስቧት ቀስ እያለች ቀረበች።

"ይሄ 'ፀ' ነው" አለች በጣቷ እየነካች። "ፀ... ጋ። እኔ ነኝ?"

"አንቺ ነሽ።"

"ለምን ቀይ ሆነ?"

"እንዳትጠፊብኝ።"

ፀጋ ጣቷን ከስሟ ላይ አላነሣችም። "ሳምንት እመጣለሁ ብለሽኝ ነበር እኮ" አለች።

አስካለ ቦርሳዋን አንሥታ ከደፉ ወደ ውስጥ አስገባችው።