ሲጠሯት አቤት አለች

ያሰሩን እህል ቤት ውስጥ ነው። በጃንሆይ ጊዜ የቆቦ ፖሊስ ጣቢያ ለሴት የሚሆን ክፍል አልነበረውም፤ ለግብር እህል ማከማቻ ከተሠሩት ሁለት ክፍሎች ባዶውን ከፍተው አስገቡን። ሌላው ሙሉ ነበር። የሚለየን የጭቃ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ አይጦቹ ከወዲያ ማዶ ሲቆረጥሙ እንሰማለን። ወለሉ ማሽላ ማሽላ ይሸታል። በባዶ ሆድ ያን ሽታ መሳብ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አልችልም፤ ባያውቀውም ይሻለዋል።

ያን ዓመት ዝናቡ ቀረ፣ ከደጋ የሚወርደው ጎርፍም ቀረ፣ የራያ ሜዳ ማሽላ ከጉልበት ሳያልፍ ደርቆ ቆመ። በገበያ ቀን አዋጅ ነጋሪው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ወጥቶ፣ "አገሩ ጥጋብ ነው፤ ግብራችሁን አግቡ!" አለ። እኔ ጨው ቸርቻሪ ነበርኩ። ከጎኔ አንዲት የዋጃ አሮጊት ዶሮ ታቅፋ ተቀምጣለች። ድንገት ተነሳችና፣ "አቤት! አቤት! ሰው እየሞተ ነው፣ እህል ቤቱ ይከፈትልን!" አለች። ተነስቼ ደገምኩላት። ድንጋይ አልወረወርን፣ ሰው አልሰደብን። ሁለታችንንም ወሰዱን፤ ዶሮዋንም አብረው።

በር ላይ የሚቆመው ዘበኛ የሮቢት ሰው ነው፤ ጨዋታ ያውቃል።

"ይቺስ ምን አጥፍታ ታሰረች?" አለ ዶሮዋን እያየ።

"ጮኻ ነዋ፣ እንደኛው" አለችው አሮጊቷ።

ሳቀና አለቃው እንዳይሰማው አፉን ያዘ።

ዶሮዋ ከግድግዳው ስንጥቅ የወዳደቀ ማሽላ ስትለቅም ትውላለች። ከሦስታችን ያማረባት እሷ ብቻ ናት። ርቦን እያየናት አንዳንዴ እንሳሳቃለን። እኔ ክርስቲያን፣ አሮጊቷ ሙስሊም፤ ብናርዳት በማን ስም ትታረድ? አንዳችን ስትበላ አንዳችን ልታይ ነው። "ኑሪ በይ፣ ሃይማኖታችን አዳነሽ" ትላታለች አሮጊቷ።

መጀመሪያ አንቱ ስላት፣ "ተይ፣ ልጅ እናቷን አንቱ አትልም" አለችኝ፤ ከዚያ ወዲያ እማማ፣ አንቺ አልኳት። ሳለቅስ "አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ" እያለች ጀርባዬን ታሸኛለች። የእሷ ጭንቀት ግን ከእኔ ይከፋ ነበር። ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር ልጇን ዋጃ ላይ ብቻዋን ትታ ነው የመጣችው። ዶሮዋን ሽጣ፣ እህል ገዝታ፣ በዚያው ቀን ልትመለስ።

አንድ ቀን የጣቢያው አስር አለቃ በሩን ከፍቶ ገባ።

"ነገ ትልቅ ሰው ከላይ ይመጣሉ። በገበያው ፊት 'ዋሽቼ ነው፣ አገሩ ጥጋብ ነው' የምትል ወደ ቤቷ ትሄዳለች" ብሎ ወጣ።

እማማ ዶሮዋን ሳብ አድርጋ አቀፈቻት። ኋላ፣ "እላለሁ" አለችኝ። "ልጄ ዘንድ ካደረሰኝ እላለሁ። አላህ ልቤን ያውቃል።"

"በማርያም፣ በይ እንጂ! ማን ይፈርድብሻል?"

በማግስቱ አስር አለቃው ዶሮዋን ለእንግዳው ምሳ ብሎ ወሰዳት። ቀጥሎ እኛን አወጡን። ከላይ የመጡት ሹም ከግራር ጥላ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ገበያተኛው ዙሪያውን ቆሟል። ሹሙ እማማን ከነአባቷ ስም ጠሯት።

"አቤት!" አለች።

በእኛ አገር ሲጠሩት ዝም የሚል የለም። ሌላ ምንም አላሰበችም፤ ስሟን ሰማች፣ መለሰች። ያም በጨዋ ደንብ፣ ጮክ ብላ። ሕዝቡ ግን የሰማው ሌላውን አቤት ነው። ከኋላ አንድ ሰው "አቤት!" አለ። ከወዲያ ሌላ ሴት ተቀበለች። ወዲያው ገበያው በሙሉ "አቤት! አቤት!" ብሎ ተነሳ።

"ምን አለች?" አሉ ሹሙ።

"አቤት ነው ያለችው ጌታዬ... ማለቴ ስለጠሯት ነው!" አለ አስር አለቃው፣ ላቡ እየወረደ።

"ሌላውን ማን ጠራው?"

የሮቢቱ ዘበኛ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

ጩኸቱ ሲበርድ ሹሙ፣ "በይ ተናገሪ" አሏት። ቃሉ አፏ ላይ ነበር፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ግን ሰዉን አየች። ጉንጩ የገባውን፣ ልጅ ያዘለውን፣ በዱላ የተደገፈውን አንድ በአንድ አየች። ሻሿን አስተካከለች።

"ጌታው፣ ጠሩኝ፣ አቤት አልኩ። ሌላ ቃል አጣሁ።"

እኔን ሳይጠይቁ መልሰው አስገቡን። "እነሱን እያየሁ ጥጋብ ነው ልበል?" አለችኝ፣ እንደ ጥፋተኛ። አብሽሪ ማለት የእኔ ተራ ሆነ፤ ጀርባዋን አሸኋት።

እህል ቤቱ አልተከፈተም። እኛን ሲሰለቹን ለቀቁን። እስከ ዋጃ አብሬያት ሄድኩ። የቤቷ በር በእሾህ ተዘግቷል። ጎረቤቷ ወጥታ፣ "ወልዳ ነበር፣ ሴት ልጅ። የሄደችው ሹሙ ቆቦ መጥተው ከተመለሱ ወዲያ ነው፤ ሰነባብታለች። እናቴን ቆቦ ልፈልግ ብላ፣ ሕፃኗን አዝላ ወጣች" አለች።

ጣቢያው ድረስ የመጣ ሰው አልነበረም። በመንገዱም ያያት አላገኘንም።

እሾሁን ላነሳ እጄን ስዘረጋ እማማ ያዘችኝ። "ተይው። ልትመለስ ነው የዘጋችው፤ እሷ ትክፈተው።" ጎረቤቷ ዘንድ አደረች። ከርሜ ልጠይቃት ስሄድ ማሽላው አብቦ ነበር፤ እሷም አሁንም እዚያው ጎረቤት ቤት ናት፣ በሩም በእሾህ እንደተዘጋ። ሌላ ጊዜ ስሄድ ሞታ ተቀብራ ደረስኩ።

የዚያ ገበያ ወሬ ሲነሳ ሰው ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ጨዋታውን እዚያ ላይ ሲጨርሱት ግን የዋጃውን በር አልነግራቸውም። ያቺ ሕፃን በሕይወት ካለች ዛሬ እሷም አያት ሆናለች። አያቷ ያን ቀን አንዲት ሐሰት ብትናገር ኖሮ በእቅፏ ታድግ እንደነበር አታውቅም። ባገኛት እነግራት እንደሆነ፣ ይኸው እስካሁን አልቆረጥኩም።