ሚስባህ ያልቆረጠው አክስል

መርሳ ውስጥ በሚስባህ ያልተማረረ ባለጋሪ አልነበረም። የጋሪ አክስል፣ ሁለቱን ጎማ የሚያገናኘውን ብረት፣ ይሠራል፤ ሠርቶ ግን በቀላሉ አያስረክብም። በመዶሻ ይመታዋል፣ ጆሮውን ያስጠጋል፣ ድምፁ ካልጣመው በደንበኛው ፊት ለሁለት ቆርጦ ይጥለዋል። «አንተ ሰውዬ፣ ብረት ነው ወይስ ሐብሐብ?» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱ ምን ቸገረው! ያልተቆረጠ ውዳቂ አንድ ቀን ከሱቁ ወጥቶ ሰው ይጎዳል ባይ ነበር።

ጦርነቱ ወደ ወልድያ በተጠጋበት ክረምት መብራት ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ሲመጣም ጉልበት የለውም። በደካማ መብራት የተበየደ ብረት ላዩ ያምራል እንጂ ውስጡ አይያያዝም። ሚስባህ ያን ሰሞን የበየዳቸውን አክስሎች መታ መታ አድርጎ አንዱንም አልወደደውም። ሊቆርጣቸው ሲል መብራቱ ጭራሽ ጠፋ። በእጅ መጋዝ መቁረጥ ይችል ነበር፤ ደከመው። ለምልክት ያህል ቀይ ጸረ ዝገት ቀለም ቀባቸውና ጥግ አስቀመጣቸው። ለእሱ ያ ቀይ አትንኩ ማለት ነበር። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ግን አክስል ቀለም የሚቀባው ተሠርቶ አልቆ ለርክክብ ሲዘጋጅ መሆኑን ያውቃል። ይህን ያህል ነገር እንዴት ሳያስበው ቀረ? ቀረ፣ በቃ።

የታናሽ ወንድሙ የአብዱልጀሊል ጋሪ አክስሉ ተሰብሮ ቆሞ ነበር። እናታቸው እማማ ሲቲ መራመድ አይችሉም፤ ሽሽት ከመጣ ከጋሪው ሌላ የሚያወጣቸው የለም። ሚስባህ የሱቁን ቁልፍ ለወንድሙ ሰጥቶ፣ «ስመለስ አብረን እንገጥመዋለን» ብሎት ሚስቱንና ልጆቹን ሊያመጣ ወደ ግራና ከተማ ሄደ።

እሱ ሳይመለስ በሲሪንቃ በኩል ከባድ መሣሪያ ያጓራ ጀመር። ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ። አብዱልጀሊል ሱቁን ከፈተ። ቀደም ብለው የተሠሩት ደህናዎቹ አክስሎች ገና ቀለም ስላልነካቸው ያላለቁ መሰሉት። ከቀዮቹ አንዱን መርጦ ገጠመ፤ እናቱን፣ ፍራሹንና እህሉን ጭኖ የውጫሌን መንገድ ያዘ።

ሚስባህ ሲደርስ ሱቁ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከጥግ አንድ ቀይ ጎድሏል። ሚስቱን ረሂማን፣ «ልጆቹን ይዘሽ ከሰዉ ጋር ተከተይኝ» አላትና ሮጠ። መንገዱ በሰውና በከብት ተጨናንቋል። ያገኘውን ጋሪ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ከሥር እያየ፣ «ያ አላህ፣ ያ አላህ» እያለ ሄደ።

ከውርጌሳ ማዶ አገኛቸው። ጋሪው ከመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ ተገልብጧል። እማማ ሲቲ በሽርጥ ተሸፍነዋል። አብዱልጀሊል አፈር ላይ ተቀምጦ ደረቱን ይደቃል።

«ወንድምዓለም፣ እማን የገደልኳት እኔ ነኝ! ጭነት አብዝቼባት ነው! ፍራሹ ምን ያደርግልኝ ነበር?»

ሚስባህ የተሰበረውን አየ። ብየዳው እንደ ልጣጭ ተላቅቋል። ዝም ቢል ማን ያውቅበታል? ወንድሙ ግን ዕድሜውን ሙሉ ፍራሹን ሲረግም ሊኖር ነው። ያ አሳዘነው።

«ጭነቱ አይደለም» አለው። «እኔ አይሆንም ብዬ የጣልኩት አክስል ነው። ቀዩን የቀባሁት ማንም እንዳይወስደው ብዬ ነበር። መቁረጥ ሲገባኝ ሳልቆርጠው ቀረሁ።»

አብዱልጀሊል ለቅሶውን አቆመ። ወንድሙን ትክ ብሎ አየው።

መንገደኞች አካፋ አዋሱ፣ ቆመው ሰገዱባቸው፣ በጥድፊያ ወደ ጉድጓዱ አወረዷቸው። ሚስባህ በእናቱ ላይ አፈር ሊመልስ አካፋውን ከወንድሙ ለመቀበል እጁን ዘረጋ። አብዱልጀሊል ከአጠገቡ አልፎ ለማያውቁት መንገደኛ ሰጠው።